መግቢያው ነፃ ነው፤ መድረኩስ የማን ነው?

ገዥ መደቦች በቁጥጥራቸው ሥር የሚያውሉት መሬትን፣ ባንክንና ፋብሪካን ብቻ አይደለም፤ ያለፈውንም ዘመን ይይዛሉ። ትናንት ምን እንደ ተደረገ፣ ማን እንዳደረገውና ዕዳው በማን ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ የመናገር ሥልጣን በእጃቸው እስካለ ድረስ፣ ዛሬ ማን እንደሚከፍልና ማን እንደሚቀበል የመወሰኑም ሥልጣን ከእጃቸው አይወጣም። ይህ ሐቅ ጎልቶ ከሚታይባቸው አገሮች አንዷ ጀርመን ናት። በዚያች አገር ስለ ታሪክ የሚደረግ ክርክር በምሁራን የጥናት ክፍል ተወስኖ አይቀርም፤ ወደ አደባባይ ይወጣል፣ አዳራሽ ይሞላል፣ የጋዜጣ ዓምድ ያጨናንቃል፣ አልፎ አልፎም ሚኒስትሮችን እንቅልፍ ይነሣል።

በበርሊን፣ በፍራንክፉርት፣ በላይፕሲግ ወይም በሃምቡርግ የዩኒቨርሲቲ በሮችንና የቤተ መጻሕፍት ግድግዳዎችን የተመለከተ ሰው፣ ስለ አውሮፓ ማንነት፣ ጀርመን ወደ ምዕራቡ ዓለም ስላደረገችው ጉዞ፣ ስላለፈው ዘመን አዘካከር የሚያትቱ የሕዝብ ገለጻዎችን፣ ሲምፖዚየሞችንና የመድረክ ውይይቶችን የሚያስታውቁ ወረቀቶች ተለጥፈው ያገኛል። በአብዛኞቹ ግርጌ «መግቢያ በነፃ» የሚል ቃል አለ። አዘጋጆቹ ዩኒቨርሲቲዎች፣ አካዳሚዎች፣ ሙዚየሞች፣ እንዲሁም ከፖለቲካ ፓርቲዎች ጋር የተቆራኙ ፋውንዴሽኖች ናቸው። ከእነዚህም የክርስቲያን ዴሞክራቶቹ የኮንራድ አደናወር እና የሶሻል ዴሞክራቶቹ የፍሪድሪክ ኤበርት ፋውንዴሽኖች ይገኙባቸዋል፤ ሁለቱም በዋነኛነት የሚንቀሳቀሱት ከመንግሥት በጀት በሚሰጣቸው ገንዘብ ነው።

ይህ ጸሐፊ በዚያ አገር በትምህርት ላይ ሳለ ከእነዚህ አዳራሾች በብዙዎቹ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ አዳምጧል። ሥነ ሥርዓቱ አይለዋወጥም። አንድ ፕሮፌሰር ይናገራል፣ ሁለት ፕሮፌሰሮች ያደንቁታል ወይም በጨዋነት ይነቅፉታል፣ በመጨረሻ የቀረችው ሩብ ሰዓት ለሕዝቡ ትተዋለች። ሐቁን መካድ አይገባም፤ ሽማግሌዎችና ወጣቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው የአባቶቻቸውን ወንጀል ሲመረምሩ ማየት የሚያስከብር ነገር ነው፤ ጸሐፊውም ብዙ ተምሮበታል። ሆኖም በሩ ነፃ መሆኑ መድረኩም ነፃ ነው ማለት አይደለም። ተናጋሪውን ማን ጠራው? የጉዞውን ወጪ ማን ሸፈነ? የትኛው መዝገብ ተከፍቶ የትኛው ተዘግቶ ቀረ? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ከንግግሩ ይልቅ ስለ ዘመኑ የኃይል አሰላለፍ ይናገራል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ወደ 1961 መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት የሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ፕሮፌሰር የነበረው ፍሪትዝ ፊሸር፣ ጀርመን በአንደኛው የዓለም ጦርነት የነበራትን የጦርነት ዓላማ የሚመረምር ዳጎስ ያለ መጽሐፍ አሳተመ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ በምዕራብ ጀርመን ሰፍኖ የነበረው አስተሳሰብ፣ በ1914 ኃያላን መንግሥታት ሁሉ ሳያስቡት ተንሸራተው ወደ ጦርነት ገቡ፤ ስለዚህ ሁሉም ጥፋተኞች ስለሆኑ ማንም ጥፋተኛ አይደለም የሚል ነበር። ሂትለርም በዚህ ስሌት በጀርመን ታሪክ ውስጥ ድንገት የደረሰ አደጋ ሆኖ ይቆጠር ነበር። ፊሸር ይህን ግንብ በሰነድ ናደው። ካወጣቸው ሰነዶች ዋነኛው መራሔ መንግሥት ቤትማን ሆልቬግ በሴፕቴምበር 9 ቀን 1914፣ ማለትም ጦርነቱ በተጀመረ በሁለተኛው ወር መግቢያ፣ ያዘጋጀው የድል ዕቅድ ነው። በዕቅዱ መሠረት ፈረንሳይ ዳግመኛ ኃያል መንግሥት እንዳትሆን ትዳከማለች፤ የብረት ማዕድን ያለበት የብሪዬ አካባቢ ከእርሷ ይወሰዳል፤ ቤልጂክ የጀርመን ገባር አገር ትሆናለች፤ ሉክሰምቡርግ ትጠቃለላለች፤ መካከለኛው አውሮፓ በጀርመን የበላይነት በሚመራ የጉምሩክ ኅብረት ውስጥ ይገባል። አንባቢ በተለይ ልብ ሊለው የሚገባው ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነጥብ ነው፤ በአፍሪቃ እምብርት ተያያዥ የሆነ የጀርመን ቅኝ ግዛት ይመሠረታል ይላል። ለአውሮፓ የታሰበው አንድነትና ለአፍሪቃ የታሰበው ባርነት በአንድ እጅ፣ በአንድ ሰነድ ላይ ተጽፈው ይገኛሉ።

ይህ ሰነድ የተገኘው የት ነው? በቦን ሳይሆን በፖትስዳም፣ ያኔ የጀርመን ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ ይባል በነበረው ሶሻሊስት አገር ቤተ መዛግብት ውስጥ ነው። ፊሸር ማርክሲስት አልነበረም። እንዲያውም በ1937 የናዚ ፓርቲ አባል ለመሆን የበቃ ሰው ነበር። በአንጻሩ የፊሸር ዋነኛ ባላንጣ የነበረው አንጋፋው የታሪክ ጸሐፊ ገርሃርድ ሪተር፣ ከፀረ ሂትለር ክበቦች ጋር በነበረው ግንኙነት ምክንያት በ1944 በናዚዎች የታሰረ ነው። የቀድሞው የፓርቲ አባል የንጉሠ ነገሥቱን ጀርመን ሲያጋልጥ፣ የቀድሞው እስረኛ ደግሞ ይከላከልላት ነበር። የሰውን አቋም ከግል ታሪኩ ብቻ ለማንበብ የሚቻኮል ሁሉ ይህን ምሳሌ ቆም ብሎ ቢያስብበት ይጠቅመዋል። ሪተር የሚከላከለው ራሱን አልነበረም፤ ያደገበትን መደብና ያ መደብ የገነባውን መንግሥት ነበር።

በ1964 ፊሸር በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች እየተዘዋወረ ሕዝባዊ ገለጻ እንዲያደርግ ታቀደ፤ ወጪውም በጎቴ ኢንስቲትዩት በኩል እንዲሸፈን ተወስኖ ነበር። ሪተር ለውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለገርሃርድ ሽሮደር አቤት አለ፤ ገንዘቡም ተከለከለ። አንድ የታሪክ ፕሮፌሰር ስለ አምሳ ዓመት በፊት ጉዳይ የሚያደርገው ንግግር የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ካሳሰበ፣ ታሪክ የሞተ ነገር ነው የሚለው ተረት ማንን ለማስተኛት እንደሚነገር ግልጽ ነው። የአሜሪካ የታሪክ ምሁራን ተቃውሞ አሰሙ፤ ፊሸርም ጋባዦቹ ራሳቸው ባሰባሰቡት ገንዘብ ሄደ። ክልከላው የታለመለትን ሳይሆን ተቃራኒውን አስገኘ፤ መጽሐፉን ያላነበበ ሁሉ ሊያነበው ተነሣ።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር ውስጥ የጀርመን የታሪክ ጸሐፊዎች ጉባኤ በምዕራብ በርሊን ተካሄደ። ከሺህ በላይ አድማጭ በታጨቀበት ታላቅ አዳራሽ ውስጥ ፊሸርና ተማሪዎቹ ከሪተርና ከደጋፊዎቹ ጋር ፊት ለፊት ገጠሙ። ከውጭ አገር የመጡ ምሁራንም በክርክሩ ተካፈሉ፤ ከእነርሱም መካከል ቤተሰቡ ከናዚዎች አምልጦ የተሰደደው ፍሪትዝ ስተርን ከፊሸር ጎን ቆመ። የሙያው ባለሥልጣናት አብዛኞቹ ከሪተር ጋር ነበሩ፤ ወጣቱ ተማሪ ግን ልቡ ወደ ፊሸር አዘነበለ። ይህ ወጣት ከጥቂት ዓመታት በኋላ በ1968 አደባባይ ወጥቶ አባቶቹን «እናንተስ ያኔ የት ነበራችሁ?» ብሎ የጠየቀው ትውልድ ነው። እንደዚህ ያለ መድረክ በፕሮፌሰሮች ፈቃድ ብቻ አይወለድም፤ የተዘጋ መዝገብ ሲከፈትና አዳራሹ በሚጠይቅ ሕዝብ ሲሞላ፣ ሁለቱ ሲገናኙ ነው የሚወለደው።

ከሃያ ሁለት ዓመታት በኋላ ነፋሱ ተገልብጦ ነፈሰ። በ1982 ሥልጣን የያዘው የሄልሙት ኮል መንግሥት የጀርመንን ሕዝብ ከታሪኩ ጋር ማስታረቅ የሚል ፈሊጥ ይዞ ተነሣ። በሜይ 1985 ኮል የአሜሪካውን ፕሬዚደንት ሬገንን ይዞ፣ የቫፈን ኤስ ኤስ አባላት ጭምር የተቀበሩበትን የቢትቡርግን የወታደሮች መቃብር ጎበኘ። በቦንና በበርሊን ሁለት ታላላቅ የታሪክ ሙዚየሞችን ለማቋቋም መንግሥት ዕቅድ አወጣ። ለኮል የንግግር ረዳት የነበረው የታሪክ ፕሮፌሰር ሚካኤል ሽቱርመርም፣ የሕዝብን ትዝታ የሚሞላና ያለፈውን የሚተረጉም ወገን የወደፊቱንም ያሸንፋል የሚል ሐሳብ በጋዜጣ ላይ ሳያፍር አሰፈረ። ከከበርቴው ወገን ብዙዎች የሚያስቡትን እንዲህ በግልጽ የሚናገር ጥቂት ስለሆነ ሰውየውን ስለ ቅንነቱ ማመስገን ይገባል።

በዚህ አየር ውስጥ ነበር በጁን 1986 በፍራንክፉርት ከተማ የሮመርበርግ ውይይቶች የተባለው ዓመታዊ ሕዝባዊ ጉባኤ የተሰናዳው። ተጋባዥ ከነበሩት አንዱ ኤርንስት ኖልተ ነበር። ንግግሩ በመድረኩ ላይ አልቀረበም፤ ፍራንክፉርተር አልገማይነ የተባለው ታላቅ የቀኝ ክንፍ ጋዜጣ ግን «ሊጻፍ እንጂ ሊነገር ያልቻለ ንግግር» የሚል ማብራሪያ አክሎ በጁን 6 ቀን አወጣው። ቀርቶ የነበረው ንግግር ከማንኛውም አዳራሽ የሰፋ አዳራሽ አገኘ ማለት ነው። የኖልተ ነጥብ ሲጨመቅ ይህ ነው፤ የናዚዎች ግፍ መነሻው ከጀርመን ውስጥ ሳይሆን ከቦልሼቪኮች የመጣ ፍርሃት ነበር፤ የሶቪየት የእሥር ካምፖች ከአውሽቪትዝ ቀድመው የነበሩ ናቸው፤ ሂትለር ያደረገው ሁሉ አስቀድሞ በምሥራቅ ተደርጓል። በሌላ አነጋገር ገዳዩ የገደለው ፈርቶ ነው፤ ያስፈራው ደግሞ ሟቹ ነው! የሶቪየት ኅብረት በዚያ ጦርነት 27 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ አጥታለች። የዚህ ሁሉ ሕዝብ አስከሬን በአንድ የጋዜጣ ገጽ ላይ ከከሳሽነት ወደ ተከሳሽነት ተዛወረ።

መልሱ የመጣው በጁላይ 11 ቀን ዲ ጻይት በተባለው ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ ከፈላስፋው ዩርገን ሐበርማስ ነው። ሐበርማስ ኖልተን፣ ሽቱርመርን፣ እንዲሁም የምሥራቁን የጦር ግንባር ከጀርመን ሠራዊት ጋር በመወገን የተረከውን አንድሪያስ ሂልግሩበርን በአንድነት ነቀፈ፤ የሚካሄደው ምርምር ሳይሆን የዕዳ ማቃለያ ሥራ ነው አለ። ከዚያ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ የፈጀ የጽሑፍና የአዳራሽ ጦርነት ተከፈተ፤ «የታሪክ ጸሐፊዎች ጠብ» የሚባለው ይህ ነው። ሃንስ ኡልሪኽ ቬለር፣ ዩርገን ኮካ፣ መንታዎቹ ሃንስና ቮልፍጋንግ ሞምዘን፣ ኤበርሃርድ የከል ከሐበርማስ ጎን ተሰለፉ። በመጨረሻም የኖልተ ወገን በሐሳብ ተሸነፈ፤ የአይሁድ እልቂት በጀርመን መንግሥትና በጀርመን ኅብረተሰብ የተፈጸመ፣ ለማንም የማይተላለፍ ኃላፊነት መሆኑ በአገሪቱ የፖለቲካ ባህል ውስጥ ጸንቶ ቆመ። ይህ ትልቅ ድል ነው፤ የሶሻሊስቱ ወገን ጸሐፊ ቢሆንም እንኳ አሳንሶ ሊያየው አይገባም።

ከድሉ በኋላ የተገለጠ አንድ ነገር ግን አለ፤ ብዙ አልቆይበትም። በ1998 በፍራንክፉርት በተደረገው የታሪክ ጸሐፊዎች ጉባኤ ላይ፣ ከጦርነቱ በኋላ የምዕራብ ጀርመንን የታሪክ ትምህርት ያነጹት ቴዎዶር ሺደርና ቬርነር ኮንዘ በናዚ ዘመን ምን ይሠሩ እንደ ነበር በአደባባይ ተመረመረ። ሺደር በ1939 በፖላንድ ስለሚደረግ የሕዝብ ማፈናቀል ምክረ ሐሳብ ካዘጋጁት አንዱ ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱ ደግሞ በ1986 ክርክር የጀግና ያህል የተዋጋው ቬለር ነው። የዚያ ትውልድ ምሁራን የአገራቸውን አባቶች ሁሉ ሲጠይቁ የራሳቸውን መምህራን ሳይጠይቁ ኖረዋል።

ሂስ ካለ ግለ ሂስም ሊኖር ይገባል። የጀርመን ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ ራሷን ፀረ ፋሺስት መንግሥት ብላ ስለ መሠረተች፣ የናዚዎችን ዕዳ በሙሉ ከድንበሩ ማዶ ላሉት ወንድሞቿ ትታላቸው ነበር። ታሪክንም እንደ አስፈላጊነቱ ታገላብጥ ነበር፤ ለዘመናት የአድኃሪነት ምልክት ተብሎ የተወገዘው የታላቁ ፍሪድሪክ ሐውልት በ1980 ወደ በርሊን ዋና ጎዳና ተመለሰ፤ ማርቲን ሉተርም በ1983 በአምስት መቶኛ ዓመት ልደቱ በኤሪክ ሆነከር ሰብሳቢነት በሚመራ ኮሚቴ ተወደሰ። የምሥራቁ ምክር ቤት በጀርመን ስም ለተፈጸመው የአይሁድ እልቂት የጋራ ኃላፊነት እንዳለበት ያወጀው በኤፕሪል 1990 ነው፤ መንግሥቱ ሊፈርስ ወራት ሲቀሩት። መዝገብ ከፍቶ ለሌላው ማሳየት የራስን መዝገብ ከመክፈት ምን ጊዜም ይቀላል።

ይህ ከተባለ በኋላ ግን ወደ እነዚያ የፖትስዳም መደርደሪያዎች መመለስ ግድ ነው፤ ምክንያቱም የሴፕቴምበሩ ዕቅድ በተገኘበት በዚያው ቤተ መዛግብት የንጉሠ ነገሥቱ ጀርመን የቅኝ ግዛት መሥሪያ ቤት መዝገቦችም ይገኙ ነበር። የምሥራቅ ጀርመኑ የታሪክ ተመራማሪ ሆርስት ድሬክስለር እነዚህን አገላብጦ በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ዛሬ ናሚቢያ በምትባለው አገር በሄሬሮና በናማ ሕዝቦች ላይ የተፈጸመው ዘር ማጥፋት መሆኑን አሳየ። ጄኔራል ሎታር ፎን ትሮታ በኦክቶበር 2 ቀን 1904 ባወጣው ትእዛዝ በጀርመን ክልል የተገኘ ሄሬሮ ሁሉ፣ መሣሪያ የያዘም ያልያዘም፣ እንዲገደል አዝዞ ነበር። በስፋት በሚጠቀሰው ግምት መሠረት ከ80,000 ሄሬሮዎች ወደ 65,000፣ ከ20,000 ናማዎች ወደ 10,000 ያህል አልቀዋል፤ ከጥይት የተረፉት በውኃ ጥም በኦማሄኬ ምድረ በዳ፣ ከዚያም በእሥር ካምፖች ሞቱ። የጀርመን ሚኒስትር ሃይደማሪ ቪቾሬክ ጾይል በቦታው ተገኝታ ይቅርታ የጠየቀችው በ2004 ነው። ከመጽሐፉ ሠላሳ ስምንት ዓመት ዘግይቶ! በ1986 በተካሄደው ያ ሁሉ ክርክር ውስጥም፣ በቀኙም ሆነ በግራው ወገን፣ ሄሬሮዎች በዋናው መድረክ ላይ ቦታ አላገኙም። ሁለቱ ወገኖች በሁሉም ነገር ሲጣሉ የአዳራሹ ግድግዳ የት እንደሚያልቅ ግን ሳይነጋገሩ ተስማምተው ነበር።

ይህ ዝምታ በአውሮፓ ማንነት ላይ በሚደረገው ክርክር ውስጥም ጎልቶ ይታያል። የአውሮፓ ማኅበረሰብ ዘጠኝ አባል መንግሥታት በዲሴምበር 1973 በኮፐንሃገን ስለ አውሮፓ ማንነት መግለጫ ሲያወጡ፣ የወካይ ዴሞክራሲን፣ የሕግ የበላይነትንና የሰብአዊ መብትን መርሖዎች የጋራ መሠረታቸው አድርገው ጠቀሱ። ከዘጠኙ አብዛኞቹ በዚያው ምእተ ዓመት በአፍሪቃና በእስያ ባለቅኝ ግዛቶች ነበሩ። ኖልተ በ1987 ባወጣው መጽሐፍ ከ1917 እስከ 1945 ያለውን ዘመን የአውሮፓ የእርስ በርስ ጦርነት ብሎ ሰየመው። ይህ ስያሜ ለእኛ አንባቢ ራቅ ያለ የምሁራን ጨዋታ ሊመስለው ይችላል፤ አይደለም። በዚህ ስያሜ ውስጥ በ1935 በኢትዮጵያ ሕዝብ ላይ የተከፈተው የፋሺስት ወረራ የት ይገባል? በመርዝ ጋዝ የነደደው ገበሬ አውሮፓዊ ስላልሆነ ከእርስ በርስ ጦርነቱ ውጭ ይቀራል። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር የጋዙን ነገር ያመነው በ1996 ነው።

በእርግጥም የኢትዮጵያ ጉዳይ በበርሊን መዝገብ ውስጥ ከተከተተ ቆይቷል። ከኖቬምበር 1884 እስከ ፌብሩዋሪ 1885 በቢስማርክ ሰብሳቢነት አሥራ አራት መንግሥታት በበርሊን ተቀምጠው የአፍሪቃን አያያዝ ደንብ ሲያወጡ አንድም አፍሪቃዊ በጠረጴዛው ዙሪያ አልነበረም። የጠቅላይ ድንጋጌው 34ኛ አንቀጽ፣ በአፍሪቃ ጠረፍ አዲስ ይዞታ የሚይዝ ወይም ጥበቃ የሚመሠርት መንግሥት ለሌሎቹ ፈራሚዎች ማስታወቅ አለበት ይላል። የጣሊያን መንግሥት በኦክቶበር 11 ቀን 1889 የውጫሌን ውል 17ኛ አንቀጽ ጠቅሶ ኢትዮጵያ በጥበቃው ሥር መሆኗን ለኃያላኑ ያስታወቀው ይህንኑ የበርሊን ሕግ መሠረት አድርጎ ነው። የአማርኛው ቃል «ይቻላቸዋል» ይል የነበረውን የጣሊያንኛው ግዴታ አደረገው፤ የበርሊኑ አንቀጽ ደግሞ ያን ማጭበርበሪያ ዓለም አቀፍ ሰነድ አደረገው። ከስድስት ዓመት በኋላ ጉዳዩ ወደ ዐድዋ ተራሮች ተመርቶ በሌላ ዓይነት ክርክር ተዘጋ። ስለዚህ ስለ ጀርመንና ስለ አውሮፓ ታሪክ የሚደረግ የአደባባይ ጉባኤ የሌላ ሰው የቤት ጉዳይ አይደለም።

ደግሞስ አፍሪቃውያን በጀርመን የምሁራን መድረክ እንግዳ ናቸውን? በ1652 አባ ጎርጎርዮስ የተባሉት ኢትዮጵያዊ ሊቅ በመስፍኑ በኤርንስት ጥሪ ወደ ጎታ ከተማ ሄደው፣ በፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ስለ አገራቸው ሃይማኖት፣ ሕግና ታሪክ የጀርመን ሊቃውንት ለሚያቀርቡላቸው ጥያቄ መልስ ሰጥተዋል። ሂዮብ ሉዶልፍ በ1681 ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክና በ1698 ያወጣው የአማርኛ ሰዋስው ያለ እርሳቸው ባልተጻፉ ነበር፤ በአውሮፓ ለኢትዮጵያ ጥናት መሠረት የጣለው ሉዶልፍ ነው ሲባል መሠረቱ የማን ድንጋይ እንደሆነ መጥቀስ ተገቢ ነው። በ1729 ደግሞ ከዛሬዋ ጋና ምድር በሕፃንነቱ የተወሰደው አንቶን ቪልሄልም አሞ፣ በሃለ ዩኒቨርሲቲ በአውሮፓ ስለሚኖሩ ጥቁሮች መብት በአደባባይ ተከራከረ። የክርክሩ ጽሑፍ ጠፍቷል። አሞ ከዚያ በኋላ በሃለ፣ በቪተንበርግና በየና አስተምሯል። እንግዲህ ስለ አውሮፓ ማንነት የሚደረገው ሕዝባዊ ክርክር ወደ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው ሲሆን፣ ከቀደምት ተከራካሪዎቹ አንዱ ጥቁር ሰው ነበር።

ይህን ካስታወስን የቅርቡን ዘመን ክስተት መመዘን እንችላለን። በ2020 የካሜሩኑ ተወላጅ ፈላስፋ አኺሌ ምቤምቤ በሩር ግዛት በሚካሄድ የኪነ ጥበብ ፌስቲቫል ላይ የመክፈቻ ንግግር እንዲያደርግ ተጋብዞ ሳለ፣ ስለ እስራኤል፣ ስለ አፓርታይድና ስለ አይሁድ እልቂት በጻፋቸው ነገሮች ምክንያት በፀረ ሴማዊነት ተወነጀለ፤ የፌዴራሉ መንግሥት የፀረ ሴማዊነት ጉዳይ ኮሚሽነር ፌሊክስ ክላይንም ግብዣውን ነቀፈ። ፌስቲቫሉ ራሱ በወረርሽኙ ምክንያት ስለ ተሰረዘ ንግግሩ አልተደረገም፤ ክርክሩ ግን ቀጠለ። በ2021 አውስትራሊያዊው የታሪክ ምሁር ዲርክ ሞሰስ ጀርመኖች ስለ እልቂቱ ያላቸውን አስተምህሮ ካቴኪዝም ብሎ በመጥራቱ ሁለተኛው የታሪክ ጸሐፊዎች ጠብ ተቀሰቀሰ። ከቅኝ ግዛት ጭፍጨፋ ወደ አውሽቪትዝ የሚያመራ መንገድ አለ ወይ ብሎ አስቀድሞ የጠየቀው የሃምቡርጉ ዩርገን ጺመረር ሲሆን፣ እነ ሳውል ፍሪድለንደርና ኖርበርት ፍራይ የአይሁድ እልቂት አቻ የሌለው መሆኑ እንዳይደበዝዝ አስጠነቀቁ።

በዚህ ላይ አቋም መውሰድ ያስፈልጋል። ማነጻጸር ሁሉ አንድ አይደለም። ኖልተ ያነጻጸረው ዕዳውን ከጀርመን ትከሻ ላይ አውርዶ በሌላው ላይ ለመጫን ነበር። ድሬክስለርና ጺመረር ያነጻጸሩት በዚያው ትከሻ ላይ የተዘነጋ ሌላ ዕዳ መኖሩን ለማሳየት ነው። የመጀመሪያው ከመዝገቡ ይቀንሳል፣ ሁለተኛው ይጨምራል። ስድስት ሚሊዮን አይሁድ በመንግሥት መዋቅር፣ በባቡርና በፋብሪካ ሥርዓት የተፈጁበትን ወንጀል ለማሳነስ የሄሬሮን ስም የሚጠቀም ቢኖር፣ የሄሬሮን ሙታን ዳግመኛ ይበድላል። ከዊንድሁክ እስከ አውሽቪትዝ ቀጥተኛ መሥመር መሳል ያስቸግራል የሚሉት ተመራማሪዎችም ሊደመጡ ይገባል፤ ጉዳዩ በሰነድ እንጂ በመፈክር አይፈታም። ነገር ግን ክርክሩ በሰነድ ይሁን ከተባለ፣ ተከራካሪውን ከመድረክ ለማስቀረት መሞከር ምን ይባላል? በ1964 ሚኒስቴር ገንዘብ ከለከለ፤ በ2020 ኮሚሽነር ግብዣ ነቀፈ። የተነቀፈው ሰው ሐሳብ ትክክል ይሁን አይሁን የሚታወቀው ተናግሮ ሲሞገት ነው።

የጉዳዩ ክብደት ደግሞ በአዳራሽ አይወሰንም። በሜይ 2021 የጀርመን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሃይኮ ማስ ከናሚቢያ መንግሥት ጋር የተደረሰበትን የጋራ መግለጫ አስታወቀ። በእርሱም የ1904-1908 ጭፍጨፋ «ከዛሬ አመለካከት አንጻር» ዘር ማጥፋት ተባለ፤ በሠላሳ ዓመት የሚከፈል 1.1 ቢሊዮን ዩሮ ለመልሶ ግንባታና ለልማት ተመደበ። ገንዘቡ በዓመት ሲሰላ 37 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ መሆኑ ነው። «ከዛሬ አመለካከት አንጻር» የምትለው ሐረግ የፕሮፌሰር ቃል ትመስላለች፤ ሥራዋ ግን የጠበቃ ነው፤ በ1904 ወንጀሉ በሕግ ስላልተሰየመ ካሣ የሚባል ግዴታ የለም ለማለት የተቀመጠች ናት። ብዙ የሄሬሮና የናማ ማኅበራት በድርድሩ ላይ እኛ አልተወከልንም ብለው መግለጫውን ተቃወሙ። ከ1885 በኋላ በ136 ዓመትም የባለጉዳዩ ወንበር ጥያቄ አልተዘጋም ነበር።

የቅኝ ግዛት መሥሪያ ቤቱ መዝገቦች ዛሬ በፖትስዳም አይደሉም፤ ከጀርመን ውሕደት በኋላ ወደ ፌዴራላዊው ቤተ መዛግብት የበርሊን ሊሽተርፌልደ ቅርንጫፍ ተዛውረው በኤሌክትሮኒክ ዘዴ ተቀድተዋል፤ ከአዲስ አበባ ሆኖ ማየት ይቻላል። በሩ ነፃ ነው። ይሁንና አብዛኞቹ ገጾች የተጻፉት የዛሬ ወጣት ጀርመናዊ እንኳ በማያነበው በአሮጌው ኩረንት በሚባል የእጅ ጽሕፈት ነው። እኛ ዘንድ ጀርመንኛ የሚናገር ሰው ይገኛል፤ ያን ጽሕፈት የሚያነብ የታሪክ ተመራማሪ ግን የለም ማለት ይቀላል። የዩኒቨርሲቲዎቻችን የታሪክ ትምህርት ክፍሎች በሚቀጥለው የትምህርት ዘመን አምስት ወይም ስድስት ወጣቶችን ለዚሁ ሥራ ቢመድቡ፣ ከ1889ኙ የጣሊያን ማስታወቂያ ጋር የተያያዙትን የበርሊን ወረቀቶች በመፈለግ ሥራውን መጀመር ይችላሉ።